ካርዱ መቼ ነው የሚያልቀው?

ሐሙስ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። በረንዳ ወጥቼ ሳይ የጎረቤቱ ሁሉ በርቷል። ካርዳችን አልቋል ማለት ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ለሦስት ተከራይተን ነው የምንኖረው፤ ካርድ የምንሞላውም እኩል እያዋጣን ነው። ያን ማታ ግን አንዷ ጓደኛችን ላይ ዞርን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ የምትጋግረው እሷ ናታ! «ምጣዱ ነው የሚበላው» አልኳት። «እንግዲያው እየገዛችሁ ብሉ» አለችና ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ኢኮኖሚክስ ተምሬ የአንድ ቤት ፍጆታ መገመት ካቃተኝማ ምኑን ተማርኩት ብዬ ኤክሴል ከፈትኩ። ያለፉትን ሦስት ወራት የሞላነውን ብር ለቀናቱ አካፍዬ አማካይ አወጣሁ። በስሌቴ አዲሱ ካርድ 28 ቀን መቆየት ነበረበት። በ21ኛው ቀን አለቀ።

ለካ መሃል ላይ ፋሲካ አለ። ሁዳዴን አንድ ድስት ሽሮ ለሁለት ቀን ስንበላ ከርመን፣ ለበዓሉ ዶሮው ቀኑን ሙሉ ምድጃ ላይ ዋለ። ደግሞ ብር መቁጠሬ ራሱ ስህተት ነበር። መስከረም 2017 የጀመረው የታሪፍ ማሻሻያ በየሦስት ወሩ ከፍ የሚል ነው፤ የዛሬ ሦስት ወር መቶ ብር የገዛውን ዛሬ አይገዛም። መቁጠር የነበረብኝ ኪሎዋት ሰዓት ነው።

ሁለተኛውን ሙከራ ከዕቃዎቹ ጀመርኩ። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት በሰዓት አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ነው፣ በቃ። ምጣዳችን 3,500 ዋት ነው፤ ሁለት ሰዓት ሲጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት፣ በአራት ቅዳሜ 28። (እናቴ ዕድሜ ልኳን «ቻርጀሩን ንቀይ» ስትለኝ ኖራለች። 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው ስልክ በየቀኑ ቻርጅ ቢደረግ በወር አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ይቅርታ እማ።) መብራት የጠፋበት ቅዳሜ ፍጆታው ይቀንሳል ብዬም ነበር። ሰኞ ማታ ተጋገረ፤ ሊጥ እኮ አይጠብቅም።

ግን ሁሉንም ብደምር ቆጣሪው ከሚለው ያንሳል። የጎደለው የቱ ጋ ነው?

ማታ ከመተኛቴ በፊትና ጠዋት ስነሳ ደረጃው ሥር ወርጄ ቆጣሪውን ፎቶ ማንሳት ያዝኩ። ቦይለር የበራበት ሌሊት ካልበራበት በ3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበልጣል። በወር 90። ከምጣዱ ሦስት እጥፍ በላይ! እንጀራውን ሦስታችንም እንበላለን፤ ቦይለሩን ማታ አብርቶ የሚተኛው ግን አንድ ሰው ነው። እኔ። ሁለቱ በቀዝቃዛ ነው የሚታጠቡት።

የቤት ታሪፍ ደግሞ በደረጃ ነው፦ እስከ 50፣ እስከ 100፣ እስከ 200 እያለ ይሄዳል፤ ደረጃው ከፍ ሲል የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይወደዳል። ያለ እኔ ቦይለር ከ200 በታች ነበርን። እነዚህ ልጆች የእኔን ሙቅ ውኃ ሲከፍሉ ነው የከረሙት።

ሰንጠረዡን ለጋጋሪዋ አሳየኋት። ዝም ብላ አነበበችና «ቅዳሜ ሊጡን የምታቦኪው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ቦይለሩን አሁን ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የማበራው። በአዲሱ ስሌት ካርዱ ሰኔ 19 ያልቃል። ከዚያ በፊት ካለቀ የምሞላው እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ተፈራርመናል።