ነፋስ የከፈላት ደሴት

ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው ነፋስ ዝናብ አዝሎ ማዳጋስካር ሲደርስ፣ ከባሕሩ ዳር ብዙም ሳይርቅ ተራራ ይገጥመዋል። ሽቅብ ሲወጣ ያዘለውን ውኃ እዚያው ያራግፋል፤ ተሻግሮ ወደ ምዕራብ ሲወርድ ባዶውን ነው። የደሴቲቱ መልክ ከቦታ ቦታ እንዲህ የሚለያየው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። በምሥራቅ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ የማይለየው ጫካ፣ በመካከሉ ሐምሌ ላይ ካፖርት የሚያስደርብ ደጋ፣ በምዕራብ በደረቁ ወራት ቅጠሉን የሚያራግፍ ደን፣ በደቡብ ደግሞ እሾህ። ደጋና ቆላን እያቆራረጠ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንግዳ የሚሆንበት በየጫካው የሚያገኘው ፍጥረት ነው።

ማዳጋስካር ከግሪንላንድ፣ ከኒው ጊኒና ከቦርኒዮ ቀጥላ በዓለም አራተኛዋ ትልቅ ደሴት ናት። 587 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋቷ ከኢትዮጵያ ግማሽ በጥቂቱ ይበልጣል። ከሞዛምቢክ የሚለያት ባሕር በጠባቡ በኩል 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአፍሪካ ከተለየች ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ፣ ከሕንድ ከተለየች ደግሞ 88 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗታል። ይህን ሁሉ ዘመን ብቻዋን ስለኖረች፣ ከዕፅዋቷና ከእንስሳቷ አብዛኞቹ ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው።

ዋና ከተማዋ አንታናናሪቮ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው ኮረብቶች ላይ ተደርድራለች። ስሟ «የሺዎች ከተማ» ማለት ነው፤ ከተማዋን ጠብቀዋል የሚባሉትን ሺህ ወታደሮች ለማስታወስ ነው ይባላል። ከኮረብቶቹ በከፍተኛው ላይ የነገሥታቱ ቅጥር ግቢ ሮቫ ይታያል። በ1995 እ.ኤ.አ. የተነሣው እሳት የእንጨቱን ሥራ በላው፤ «የንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት» የሚባለው ሕንፃ የድንጋይ ግድግዳ ግን ቆሞ ቀረ። ከከተማው ሲወጡ አፈሩ ቀይ፣ ቤቱም ከዚያው ቀይ አፈር በተሠራ ጡብ የታነጸ ነው። ከኮረብታው ሥር ሩዝ በውኃ ተኝቶ ይበቅላል፤ ሻኛቸው የገዘፈ በሬዎች ጭቃውን እየረገጡ ለዘር ያዘጋጁታል።

ሩዙ፣ እንደ ቋንቋው ሁሉ፣ ሕዝቡ ከየት እንደመጣ የሚናገር የታሪክ ምስክርም ነው። የደሴቲቱ ቋንቋ የማላጋሲ የቅርብ ዘመድ ያለው ባሕሩን ተሻግሮ በቅርብ በሚገኘው የአፍሪካ ምድር አይደለም፤ በደቡብ ቦርኒዮ የሚነገረው የማአንያን ቋንቋ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት ከዚያ በጀልባ የመጡ ሰዎችና ከምሥራቅ አፍሪካ የተሻገሩ ሰዎች ተዋልደው የዛሬውን ሕዝብ አስገኙ። የደጋው ሰው ሩዝ በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል። ከድስቱ ግርጌ ያረረውን ሩዝ ሳያነሣ ውኃ ጨምሮ ያፈላና ከምግብ ጋር ይጠጣዋል፤ ስሙ ራኖናምፓንጎ ነው።

ከደጋው ወደ ምሥራቅ ጥቂት ሰዓት ሲነዱ አንዳሲቤ ይደርሳሉ። እዚህ ጫካ ውስጥ ኢንድሪ ይኖራል። ኢንድሪ የጦጣ የሩቅ ዘመድ ከሆኑት ከመቶ በላይ የሌሙር ዝርያዎች አንዱ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጅራቱ ቁራጭ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ከዛፍ ጫፍ ሆኖ ሲጮህ ድምፁ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይሰማል። ጩኸቱ እንደ ረጅም እንጉርጉሮ ነው፤ አንዱ ቤተሰብ ሲጨርስ ከማዶ ሌላው ይመልሳል። የአካባቢው ሰው ባባኮቶ ይለዋል፣ የሰው ዘመድ ነው ብሎም ያምናል። ስለዚህ መግደሉ እርም ነው፤ እርምን «ፋዲ» ይሉታል። ከሕግና ከዘበኛ በፊት ኢንድሪን ያቆየው ይህ ፋዲ ነው ማለት ይቻላል። እርሙ በላላበት አካባቢ ግን እየታደነ ነው፤ አራዊት ማቆያ ወስዶ ለማርባትም አልተቻለም። ጫካው ከጠፋ አብሮ ይጠፋል።

በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ፣ በሳምባቫና በአንታላሃ ዙሪያ፣ የቫኒላ አገር ነው። ከዓለም ቫኒላ አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሐረጉ ግን የሜክሲኮ ተወላጅ ነው። በሜክሲኮ አበባውን የሚያራክቡት ነፍሳት ማዳጋስካር ስለሌሉ ገበሬው ሥራቸውን በእጁ ይሠራል። አበባው የሚፈካው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ በዚያች ቀን በቀጭን እንጨት ካልተነካ ፍሬ አይዝም። ዘዴውን በ1841 እ.ኤ.አ. ያገኘው ኤድሞንድ አልቢየስ የተባለ፣ በጎረቤቷ በሬዩኒየን ደሴት በባርነት ይኖር የነበረ የ12 ዓመት ልጅ ነው። ፍሬው ሐረጉ ላይ ዘጠኝ ወር ገደማ ይቆያል። ከዚያ በሙቅ ውኃ ይነከራል፤ ቀን ፀሐይ ይሞቃል፤ ሌሊት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ያልበዋል፤ መዓዛው እስኪወጣ ወራት ይፈጃል። ሌባ ስለበዛ ገበሬዎች ገና ባልበሰለው ፍሬ ላይ በመርፌ ምልክታቸውን ይወጋሉ።

በምዕራብ፣ ከሞሮንዳቫ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በዓለም ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ ከተነሡ መንገዶች አንዱ አለ። ከግራና ከቀኝ 30 ሜትር የሚደርሱ ባኦባብ ዛፎች ቆመውበታል። ከስምንቱ የባኦባብ ዝርያዎች ስድስቱ ከማዳጋስካር በቀር የትም የሉም፤ በተከዜ ሸለቆ የሚበቅለው የአፍሪካው ዝርያ የሩቅ ዘመዳቸው ነው። ጎብኚው ዛፎቹን ለጌጥ የተተከሉ ይመስሉታል። አይደሉም። ዙሪያውን ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር፤ ደኑ ለእርሻ ሲመነጠር እነሱ ብቻ ቀሩ። ያ የሚደነቀው ፎቶግራፍ የጠፋ ጫካ ፎቶግራፍ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

ከዚያ ወደ ሰሜን የቤማራሃ ጺንጊ የሚባል የኖራ ድንጋይ ምድር ይገኛል። ዝናብ የኖራ ድንጋዩን ለብዙ ዘመን እየሸረሸረ እንደ መርፌ የሾሉ ዓምዶች አድርጎታል። ሰው በገመድና በተንጠልጣይ ድልድይ ይሻገረዋል፤ ሌሙር ግን ከሹል ወደ ሹል ይዘላል። ዩኔስኮ በ1990 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከአንታናናሪቮ ወደ ደቡብ የሚወርደው ብሔራዊ መንገድ ቁጥር 7 ደግሞ ፍል ውኃ ባለባት በአንትሲራቤ፣ ከዚያም በኢሳሎ የአሸዋ ድንጋይ ገደሎች አልፎ ቱሊያራ ባሕር ዳር ያበቃል። ደቡቡ ዝናብ የነፈገው አገር ነው፤ ዛፉ ቅጠሉን ወደ እሾህ ቀይሯል፤ ሰዉም በድርቅ ደጋግሞ ተጎድቷል።

ጫካውን የሚያጠፋው ድህነት ነው። ገበሬው ለሩዝ ሲል ደን ያቃጥላል፤ አፈሩ ሲደክም ሌላ ያቃጥላል። የከተማው ምድጃም ከሰል ይፈልጋል። የተራቆተውን ቀይ አፈር ተሸክሞ ወደ ባሕር የሚገባው የቤትሲቦካ ወንዝ ከጠፈር ሆኖ ይታያል። ተስፋ ግን አለ፦ በ2010 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ተርታ የገባው የምሥራቁ ዝናባማ ደን በ2025 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል።

ከቦሌ አንታናናሪቮ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበራል። ከጥር እስከ መጋቢት አውሎ ነፋስ ስለሚያሰጋ ከግንቦት እስከ ጥቅምት መሄድ ይሻላል። መንገዱ አዝጋሚ ነው፤ ደሴቲቱን ሁሉ በአንድ ሳምንት ለማዳረስ የሚሞክር መኪና ውስጥ ይከርማል። ጊዜው አጭር የሆነበት ደጋውንና አንዳሲቤን ይምረጥ፤ ኢንድሪ በብዛት የሚጮኸው ከረፋዱ በፊት ስለሆነ በማለዳ ጫካው ውስጥ ይገኝ።