ያልተነገረ ሞት፦ ወረርሽኝና የልጆች ሐዘን

ወረርሽኝ የልጆችን የአእምሮ ጤና የሚያውክባቸው መንገዶች ብዙ ቢሆኑም፣ ሕፃናትን የሚያክም ባለሙያ የሚያገኛቸው ምልክቶች ግን በስማቸው አይመጡም፤ ልጁ «አዝኛለሁ» ወይም «ፈርቻለሁ» ሳይል፣ ምርመራ መንስኤውን የማያገኝለት የሆድ ቁርጠት፣ ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ መቃወስ ወይም ካቆመ በኋላ እንደገና የጀመረው የሌሊት ሽንት ይዞት ይመጣል። ይህ የመጨረሻው፣ ማለትም ልጅ አልፎት ወደነበረው ዕድሜ ጠባይ መመለሱ፣ ወላጆች እንደሚጠረጥሩት ቅብጠት ሳይሆን፣ ስጋት ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት በሰላም ወደኖረበት ጊዜ የሚሸሽበት መንገድ ነው።

የኮሮና ቫይረስ ኢትዮጵያ መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ በኋላ ትምህርት ቤቶች በቀናት ውስጥ ተዘግተው 26 ሚሊዮን ገደማ ተማሪዎች ቤት ዋሉ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የተሰጠው ትምህርት የተቋረጠውን በከፊል ለመተካት ቢሞክርም፣ ትምህርት ቤት ለልጅ ቀኑን የሚከፋፍልለት ደወል፣ የእኩዮቹ ጨዋታ፣ ለአንዳንዱም የዕለቱ ዋና ምግብና በቤቱ ጥቃት ሲደርስበት የሚያስተውልለት ሰው የሚገኝበት ስፍራ በመሆኑ፣ ይህን ሁሉ በአየር ማስተላለፍ አይቻልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ጃማ ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ 29 ጥናቶችን አጠቃሎ ከ80 ሺህ በላይ ልጆችንና ወጣቶችን የሸፈነ ትንተና፣ ከአራቱ አንዱ ገደማ ጉልህ የድብርት፣ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ደግሞ ጉልህ የጭንቀት ምልክት እንደነበረበት አሳይቷል። የተጠቃለሉት ጥናቶች በአብዛኛው ከምሥራቅ እስያ፣ ከሰሜን አሜሪካና ከአውሮፓ የተገኙ ከመሆናቸውም በላይ ምልክትን በመጠይቅ ስለሚቆጥሩ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ማን እንደሞተና ልጁ ምን እንደተነገረው አያሳዩም፤ ለአካሚው ግን ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው።

ላንሴት በተባለው መጽሔት የታተመ ግምት እስከ ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ድረስ ባሉት 14 ወራት በዓለም ዙሪያ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ልጆች በወረርሽኙ ሳቢያ ወላጃቸውን ወይም አብሯቸው እየኖረ ይንከባከባቸው የነበረ አያታቸውን እንዳጡ አስልቷል። በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ ሞት ከልጅ ይሸሸጋል፤ «ሩቅ አገር ሄዷል» ይባላል። በደኅናው ጊዜ ልጁ በደጅ የተተከለውን ድንኳን፣ የለቀስተኛውን መመላለስና የእድርተኛውን ሥራ አይቶ ያልተነገረውን በራሱ ይረዳ ነበር። ወረርሽኙ መሰባሰብን በከለከለ ጊዜ ቀብሩ በጥቂት ሰው ተፈጽሞ ለቅሶውም በስልክ ሲሆን፣ ለልጁ የቀረለት የአዋቂዎች ሹክሹክታና ምክንያቱ ያልተገለጸለት የእናቱ እንባ ብቻ ነበር።

ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሞት መመለሻ የሌለው መሆኑን ገና በሚገባ አይረዳም፤ በዚያ ዕድሜና ከዚያም ጥቂት አለፍ ብሎ ደግሞ ሐሳቡ ወይም ጥፋቱ የውጭውን ዓለም የሚለውጥ ይመስለዋል። በመሆኑም «እጅህን ካልታጠብህ አያትህን ታስይዛለህ» እየተባለ የከረመ ልጅ፣ አያቱ ሲሞቱ ገዳዩ እርሱ እንደሆነ በልቡ ሊደመድምና ጥርጣሬውንም ለማንም ሳይናገር ሊኖር ይችላል። ማስጠንቀቂያው ለጤና አስፈላጊ ነበር፤ ነገር ግን ሞት በተከተለ ጊዜ አንድ አዋቂ ቁጭ ብሎ «ያንተ ጥፋት አይደለም» ሊለው ይገባ ነበር፣ ዛሬም ቢሆን ይህን ለማለት አልመሸም።

የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ የተራዘመ ሐዘንን፣ ይኸውም የሟቹ ናፍቆት ወይም ሐሳብ ከብርቱ የስሜት ሥቃይ ጋር ሳይለቅ ኑሮን የሚያሰናክልበትን ሁኔታ፣ እንደ ሕመም የሚቆጥረው ቢያንስ ስድስት ወር ሲያልፈውና ከኅብረተሰቡ ባህልና ሃይማኖት ልማድ ሲሻገር ነው። መለኪያው ሐዘኑ በልማዱ መሠረት መጀመሩን አስቀድሞ የሚገምት በመሆኑ፣ አርባውንም ሆነ ተዝካሩን ያላየን፣ ሞቱ እንኳ ከዓመት በኋላ በጎረቤት ልጅ አፍ የተነገረውን ልጅ የሚመረምር ባለሙያ፣ ወራቱን ከቀብሩ ቀን አንሥቶ ከመቁጠሩ በፊት ልጁ መቼ እንደሰማ፣ ከማን እንደሰማና እንዲያለቅስ ተፈቅዶለት እንደነበር ቤተሰቡን መጠየቅ ይኖርበታል።