ሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተም በአንድ ኮምፒውተር

ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ማግኘቱ አበቃ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕና ማይክሮሶፍት በዝርዝሩ ያስገባው ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በዚህ የተነሳ ገና ብዙ መሥራት የሚችሉ ላፕቶፖች ከደጅ ቀሩ። ለእነሱ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መፍትሔ በነጻ የሚወርደው ሊኑክስ ነው። ይሁን እንጂ የሒሳብ ሠራተኛው ፒችትሪን፣ ጸሐፊዋ ፓወር ግዕዝን፣ አርክቴክቱ አውቶካድን ጥለው መሄድ ይቸግራቸዋል፤ ሦስቱም ለሊኑክስ አልተሠሩም። ዱዋል ቡት የሚባለው ዘዴ የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ሰው ነው፤ አዲሱን ለመያዝ የቀደመውን መጣል አይጠበቅበትም።

በዱዋል ቡት ሁለቱ ሲስተሞች በአንድ ጊዜ አይሠሩም። ኮምፒውተሩ ሲበራ አንዱ ይመረጣል፣ ሌላው ዲስኩ ላይ ተኝቶ ይቆያል፤ ወደዚያኛው ለመሻገር ሪስታርት ማድረግ ግድ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን መክፈት የሚፈልግ ቨርቹዋል ማሽን ሊጠቀም ይችላል፤ ግን ራም ለሁለት ስለሚከፈል 4 ጊጋባይት ባለው አሮጌ ማሽን ላይ ሁለቱም ይንቀራፈፋሉ። በዱዋል ቡት ተራው የደረሰው ሲስተም ራሙንም ፕሮሰሰሩንም ለብቻው ያዝዝበታል። ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሁለቱም የተሠሩት ማሽኑን ከሌላ ጋር እንጋራለን ተብሎ አይደለም፤ ከዱዋል ቡት ጣጣዎች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ግጭት የሚነሳው ገና ኮምፒውተሩ ሲበራ ነው። በቀድሞው ኤምቢአር የተባለ አሠራር ኮምፒውተሩ የሚጀምረው የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት በማንበብ ነው። ከዚህ ውስጥ 64ቱን የፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ሰንጠረዥ፣ 2ቱን የማረጋገጫ ምልክት ይይዛሉ፤ ሲስተሙን ለሚያስነሳው ኮድ የሚተርፈው 446 ባይት ብቻ ነው። ቦታው ለሁለት አይበቃም፤ ኋላ የተጫነው የፊተኛውን ይደመስሳል። ሊኑክስ ግሩብ የተባለውን ማስነሻ ሲጭን ዊንዶውስንም ከምርጫው ውስጥ ማስገባት ይችላል፤ ዊንዶውስ ግን ለሊኑክስ እንዲህ አያደርግለትም። «መጀመሪያ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ሊኑክስ» የሚለው ምክር የመጣው ከዚህ ነው። የቀድሞውን የኮምፒውተር ማስነሻ ባዮስን በተካው በዩኢኤፍአይ ነገሩ ቀሏል። ዲስኩ ላይ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት የሚመድብላት ትንሽ ፓርቲሽን አለች፤ በውስጧ አንዱ ፎልደር ለማይክሮሶፍት፣ ሌላው ኡቡንቱ ለተባለው የሊኑክስ ዓይነት ሆነው ሳይነካኩ ይቀመጣሉ። ኮምፒውተሩ ሲበራ የግሩብ ሜኑ ይመጣል፤ ከላይ ኡቡንቱ፣ ዝቅ ብሎ ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር ይነበባል። በቀስቱ መርጦ ኤንተር መጫን ነው።

ከመጫኑ ይልቅ መሰናዶው ይከብዳል። አስቀድሞ ሰነዱና ፎቶው በሌላ ዲስክ ላይ ይገልበጥ። ቀጥሎ ዊንዶውስ ውስጥ ዲስክ ማኔጅመንትን ከፍቶ ሲ ድራይቭን በማሳነስ ባዶ ቦታ ማውጣት ነው። ለኡቡንቱ ዝቅተኛው 25 ጊጋባይት ነው፤ 50 ቢሆን እፎይ ይላል። አንዳንዴ ዲስኩ ብዙ ባዶ ቦታ እያለው ዊንዶውስ ጥቂት ብቻ ልቀንስ ይላል፤ ምክንያቱ እንደ ፔጅ ፋይልና የሃይበርኔት ፋይል ያሉ ከቦታቸው የማይነሱ ፋይሎች መሃል ላይ መቀመጣቸው ነው። እነዚህን ፋይሎች ለጊዜው አጥፍቶ እንደገና መሞከር ይረዳል። ዲስኩ ሲከፋፈል መብራት ከጠፋ ግን ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ የላፕቶፑ ባትሪ ይሙላ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑረው።

ኡቡንቱ የሚጫነው ሩፈስን በመሰለ ፕሮግራም በተዘጋጀ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ነው፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ዲስኩን ከመንካት በፊት ከፍላሹ ላይ አስነስቶ ዋይፋዩ መያዙን፣ ድምፁ መሰማቱን ማየት ይቻላል። መጫኑ ሲጀመር ሁለት ምርጫዎች ተቀራርበው ይመጣሉ፦ አንዱ ከዊንዶውስ ጎን መጫን፣ ሌላው ዲስኩን ጠርጎ መጫን። በችኮላ ሁለተኛውን የነካ ሰው ዊንዶውሱንም ፋይሉንም ይሰናበታል።

ከተጫነ በኋላም ያ እኔ ብቻ ነኝ ባይነት ብቅ ይላል። ዲስኩ በዊንዶውስ መቆለፊያ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ዊንዶውስ የቡት አሠራሩ መነካቱን ሲያይ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉን አስቀድሞ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የመጣው ፋስት ስታርትአፕ ደግሞ «ሻት ዳውን» ሲባል ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም፤ ከፊሉን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ያንቀላፋል። ያን ጊዜ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ፓርቲሽን ለንባብ ብቻ ይከፍታል ወይም ጨርሶ እምቢ ይላል፤ ፋስት ስታርትአፕን ከፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ማጥፋት ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚገረመው በሰዓቱ ነው። ሊኑክስ የማሽኑን ውስጣዊ ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሞላል፣ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ የአገር ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ከኡቡንቱ ወደ ዊንዶውስ የተሻገረ ሰው ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ያገኘዋል፤ ዋሽንግተን ያለው ደግሞ እንደ ወቅቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ቀድሞ። የሰዓቱ ቺፕም ባትሪውም አልተበላሸም። ሊኑክስ በአገር ሰዓት እንዲሠራ በአንድ ትእዛዝ ማስተካከል ይቻላል።

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ተረት ለዱዋል ቡት የተባለ ይመስላል፤ ዊንዶውስ አልነሳ ሲል በሊኑክስ ገብቶ ፋይል ማውጣት ይቻላልና። ግን ሁለቱም ባላዎች የተተከሉት አንድ ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ የሞተ ዕለት አብረው ይወድቃሉ። ዱዋል ቡት ባክአፕን አይተካም።

ለዕለት ሥራ የሚበጀው ሥራ ማከፋፈል ነው። ዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ከተቋረጠበት፣ ኢሜይሉ፣ የባንክ ጉዳዩና ብራውዘሩ ወደ ሊኑክስ ይዙሩ፤ ዊንዶውሱ ከኢንተርኔት ተነቅሎ ለፒችትሪና ለአውቶካድ ይቆይ። ዊንዶውስ የሊኑክስን ኤክስት4 ፓርቲሽን በራሱ ስለማያነብ፣ የጋራ ሰነዶች ሁለቱም በሚያነቡት በኤንቲኤፍኤስ ፓርቲሽን ላይ ይቀመጡ። በዩኒኮድ የተጻፈ የአማርኛ ሰነድ በሁለቱም በኩል ይከፈታል፤ ኡቡንቱ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ለመጨመርም ከሴቲንግ ማለፍ አያስፈልግም። ከጥቂት ወራት በኋላ ዊንዶውሱን ስንቴ እንዳስነሱት ያስቡ፤ ሁለቱን ይዞ መቀጠሉ ያዋጣ እንደሆነ መልሱ እዚያ ይገኛል።