ናፍጣን ትዕግሥት ያስተማረው ቧንቧ

ሌሊቱ ሳይነጋ በመናኸሪያ አጠገብ አሮጌ የናፍጣ መኪና ሲነሣ የሰማ ሰው፣ ያ ሞተር እንደ ቀጥቃጭ መዶሻ እያንኳኳ ሰፈሩን ሁሉ እንደሚቀሰቅስ ያውቃል፤ ዛሬ ግን በትንንሽ አውቶሞቢሎች ውስጥ የተቀመጠው ናፍጣ ከቤንዚን ወንድሙ እስከማይለይ ድረስ ለዝቦ ይሄዳል።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የሚተኩሰው እሳት የለውም፤ አየሩን ወደ 18 እጥፍ ያህል ጨምቆ ካጋለው በኋላ ናፍጣው ሲረጭበት ራሱ ይነዳል። በጥንቱ ሥርዓት ግን ፖምፓው ኃይሉን ከሞተሩ መሽከርከር ጋር ያስተባበረ ስለ ነበረ፣ ሞተሩ ሲዘገይ ግፊቱ ይደክማል፤ የተረጨውም ናፍጣ ጥቂት ዘግይቶ በአንድነት ሲቀጣጠል ያ ማንኳኳት ይወለዳል።

ስዊሳዊው ሮበርት ሁበር በ1960ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ፣ ከእርሱም በኋላ ማርኮ ጋንዘር በዙሪክ የፌዴራል ፖሊቴክኒክ የመረመሩት ምሥጢር፣ በድግስ ቤት ዘንድ የታወቀ ነው ብል አልተሳሳትሁም፤ ጋኑ አስቀድሞ ሞልቶ ከተቀመጠ አሳላፊው በፈለገው ጊዜ በፈለገው ልክ ይቀዳልና። ፖምፓው ናፍጣውን ለሲሊንደሮቹ ሁሉ የጋራ በሆነ ወፍራም ቧንቧ ያከማቻል፤ ኢንጀክተሩም በኤሌክትሪክ ትእዛዝ ተከፍቶ በመጀመሪያ ጠብታ ያህል፣ ቀጥሎም ዋናውን ያወርዳልና ያ ማንኳኳት ይለዝባል።

ይህ ቧንቧ በ1995 በጃፓን የጭነት መኪና ላይ ታየ፤ በ1997 ደግሞ በአልፋ ሮሜዎ 156፣ በ1,350 ባር ግፊት፣ ለቤት አውቶሞቢል በቃ። ከዚያ የተወለደው ትንሹ ቤተ ሰብ፣ ፊያትና ጄኔራል ሞተርስ በ2003 በፖላንድ ማምረት የጀመሩት ባለ 1.3 ሊትር ማልቲጄት፣ ዓይን የሚያስደንቅ ነው፤ ይዘቱ 1,248 ሲ.ሲ. ሲሆን ለአራት ሲከፈል እያንዳንዱ ሲሊንደር ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ያነሰ ይይዛል። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲሽከረከር አንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 17 ጊዜ ያህል ይቀጣጠላል፤ በየአንዳንዱም ጊዜ ኢንጀክተሩ እስከ አምስት ጊዜ ከፍቶ መዝጋት ይችላል። በፓንዳ፣ በፑንቶ፣ በኦፔል ኮርሳ፣ በሱዙኪ ስዊፍትም ውስጥ ይኸው ሞተር ተገጥሟል።

በ1905 የተጀመረው የጄኔቭ የአውቶሞቢል ትርኢት ለእንዲህ ያሉት ልጆች እንደ ጥምቀት በዓል ነበር፤ ሱባሩም ፒስቶኖቹ ግራና ቀኝ ተኝተው የሚሄዱበትን የናፍጣ ሞተሩን በ2007 የገለጸው በዚያው ነው።

የኢንጀክተሩ ቀዳዳዎች ግን ከፀጉር ብዙ የማይሰፉ ስለ ሆኑ ውሃና ጉድፍ አይችሉም፤ አሮጌውን ፖምፓ በመፍቻና በጆሮው ያስተካክል የነበረው መካኒክ፣ ይህ ዓይነት መኪና ቢመጣለት ፊልትሮውን ፈትቶ በብርሃን አንጻር እያየ፣ ናፍጣው ከየት እንደ ተቀዳ ባለቤቱን ይጠይቃል።