ብርሃን የሚያሳልፍ ሥዕል፦ የባለቀለም መስታወት ጥበብ በቤት ውስጥ

የባለቀለም መስታወት ሥዕል የሚባለው፣ ቀለማቸው የተለያየ የመስታወት ቁራጮች በንድፍ ተቆርጠውና በብረት ማያያዣ ተገጣጥመው ከበስተጀርባቸው በሚመጣ ብርሃን የሚታይ የጥበብ ሥራ ነው። የሸራ ሥዕል በላዩ ያረፈውን ብርሃን ወደ ተመልካቹ ሲመልስ መስታወት ግን ብርሃኑን በውስጡ ያሳልፋል፤ በዚህም ምክንያት አንዱ ሥራ ጠዋትና ማታ፣ በደመናና በጠራ ሰማይ የተለያየ መልክ ይይዛል። በቁራጮቹ መካከል ጥቁር ሆነው የሚታዩት መስመሮች ለማያያዣነት ብቻ የገቡ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የሥዕሉ አጥንት እነርሱ በመሆናቸው የባለሙያው ችሎታ ከሁሉ በፊት የሚታየው በመስመሮቹ አጣጣል ነው።

ቀለሙ ከላይ የተቀባ አይደለም። አሸዋ፣ ሶዳና ኖራ አብረው በሚቀልጡበት ጊዜ ከሚጨመሩት የብረታ ብረት ውሁዶች የሚገኝ ሲሆን፣ ኮባልት ጥልቅ ሰማያዊ፣ ማንጋኒዝ ሐምራዊ፣ እጅግ ጥቂት ወርቅ ደግሞ ቀይና ሮዝ ይሰጣል። በፈረንሳይ የሻርትር ካቴድራል በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠሩት መስኮቶች ሰማያዊነታቸው እስከ ዛሬ የሚደነቀው ቀለሙ የመስታወቱ አካል ስለሆነ ነው። በአገራችን የዚህ ጥበብ ታላቁ ሥራ፣ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው፣ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የነደፉትና 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ሥራ ሲሆን፣ የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን በሦስት ክፍል ያሳያል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተውም በዚሁ አዳራሽ ነው።

እንደ አፍሪካ አዳራሹ ያለው ሥራ ሰፊ ወርክሾፕና ብዙ እጅ ይጠይቃል፤ በመስኮት ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ሥራ ግን በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ልትሠራ ትችላለች። ጥንታዊው ዘዴ በሁለቱም ጎኑ መስታወት የሚይዝ ቦይ ባለው የእርሳስ ዘንግ ማገጣጠም ሲሆን፣ ሁለተኛው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በኒው ዮርኩ የሉዊስ ኮምፈርት ቲፋኒ ወርክሾፕ ሥራዎች የታወቀው፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ ጠርዝ በስስ የመዳብ ጥብጣብ ሸፍኖ የመበየድ ዘዴ ነው። ለቤት ሥራ ሁለተኛው ይመረጣል፤ ትናንሽ ቁራጮችን በቀላሉ ይይዛልና።

ሥራው የሚጀመረው በወረቀት ነው። ንድፉ በትክክለኛ መጠኑ ተሥሎ ቁራጮቹ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ቀጥሎም ወረቀቱ ሲቆረጥ በቁራጮቹ መካከል ለመዳቡ ውፍረት የሚሆን ቀጭን ክፍተት ይተዋል። ይህ ክፍተት ከተረሳ ሥዕሉ ሲገጣጠም ከታሰበው መጠን ይተርፋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ተግባር በልማድ መቁረጥ ይባል እንጂ በእውነቱ መስበር ነው። በመቁረጫው ጫፍ ያለችው ትንሽ መንኮራኩር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው መስታወት ላይ ጭረት ብቻ ታወጣለች፤ መስታወቱ የሚለያየው ከጭረቱ ግራና ቀኝ ተይዞ ሲጫኑት ስንጥቁ ጭረቱን ተከትሎ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ ጭረቱ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሳይቋረጥ አንድ ጊዜ ብቻ መሰመር አለበት፤ በላዩ መድገም መንኮራኩሯን ያበላሻል፣ ስንጥቁንም ከመንገዱ ያስወጣል። ስንጥቅ ወደ ውስጥ የገባ ሹል ማዕዘን ዞሮ መሄድ ስለማይችልም፣ ማንኛውም ንድፍ ለዚህ የመስታወት ጠባይ መገዛት ይኖርበታል። አደይ አበባን ለመሥራት የሚነሣ ሰው፣ አበባው የሚያርፍበትን ሰማያዊ መደብ ከአንድ መስታወት ሊያወጣው አይችልም፤ ከየቅጠሉ ጫፍ እስከ ክፈፉ መስመር ሲዘረጋ ግን መደቡ ሊሰበሩ በሚችሉ ቁራጮች ይከፈላል፤ እነዚያ በግድ የመጡ መስመሮችም ከአበባው እንደሚፈልቅ ጨረር ሆነው ሥዕሉን ያደምቁታል። ግዴታው ወደ ውበት የሚለወጥበት ይህ ስፍራ የጥበቡ ልብ ነው፤ ጀማሪዎች ቸኩለው የሚያልፉትም ይህንኑ ነው።

ቁራጮቹ ውኃ በሚያርሰው መሞረጃ ጠርዛቸው ከተስተካከለና መዳቡ ከተለጠፈ በኋላ፣ ፍላክስ የተባለው የብረቱን ገጽ የሚያጸዳ ፈሳሽ ይቀባል። ከዚያም 60 እጅ ቆርቆሮና 40 እጅ እርሳስ ያለው፣ ወደ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ሙሉ በሙሉ የሚቀልጥ የመበየጃ ሽቦ በጋለ ብረት በሁለቱም ገጽ ላይ ይፈስሳል።

እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች። ወደ ሰውነት የሚገባው በዋናነት በእጅ ወደ አፍ በሚሄድ ብናኝ በመሆኑ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የጠረጴዛውን ገጽ በደረቅ ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ መወልወልና መስኮት መክፈት የግድ ነው፤ ዓይንም ከስብርባሪ በመነጽር ይጠበቅ። የሚበየድበት ጠረጴዛ ማዕድ የሚቀርብበት ሊሆን ፈጽሞ አይገባም።

ይህን ሙያ ለመጀመር ያሰበ አንባቢ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያሉትን መስኮቶች በቀን ብርሃን ከውስጥ ሆኖ ይመልከት፤ ቀለሞቹን ለጊዜው ትቶ ጥቁሮቹን መስመሮች ብቻ ከየት ተነሥተው የት እንደሚያበቁ በዓይኑ ይከተል።