«በነፃ» የሚማር ልጅ ወጪው የት የት ነው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ተገልጾ ልጅ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ፣ በብዙ ቤት «ከእንግዲህ መንግሥት ያስተምረዋል» ይባላል። ምግቡም መኝታውም ግቢ ውስጥ ስላለ ከመሳፈሪያ በቀር የሚወጣ ገንዘብ ያለ አይመስልም። ሂሳቡ ግን ሌላ ነው። ወጪው በሦስት ጊዜ ይመጣል፦ በመግቢያ፣ በየወሩና ከምረቃ በኋላ። ይህን አስቀድሞ ያልለየ ቤተሰብ በመሀል አራጣ አበዳሪ ዘንድ ይሄዳል፤ አለዚያም ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ ይመለሳል።

የመግቢያ ወጪ

አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ሻንጣ፣ ባልዲና ጫማ በአንድ ሳምንት ይገዙ ሲባል ኪስ ይራቆታል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የትም ቢመደብ የሚያስፈልገውን ከክረምቱ በፊት በየወሩ አንድ አንድ እያሉ መግዛት ይቻላል። ብርድ ልብስ ግን ምደባው እስኪታወቅ ቢቆይ ይሻላል፤ ለደብረ ብርሃን ብርድ የተገዛ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰመራ ላይ ትርፍ ዕቃ ነው። ዕቁብ የሚጥል ወላጅም ዕጣው በጥሪው ሰሞን እንዲደርሰው ከዕቁቡ ዳኛና ከአባላቱ ጋር ቀደም ብሎ ቢነጋገር መልካም ነው።

የወር ወጪ

ቤተሰብን የሚያደክመው ይህኛው ነው። ፎቶ ኮፒ፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ፣ ፀጉር ቤት፣ ሻይ ቡና ሲደመሩ ቀላል አይደሉም። ለምሳሌ ለልጁ በወር 2,000 ብር ቢላክ በ10 ወር 20,000 ብር፣ በ4 ዓመት 80,000 ብር ይሆናል። ሕግ ወይም ምህንድስና የሚያጠና ከሆነ 5ኛው ዓመት ሲጨመር 100,000 ብር ይደርሳል። የዓመቱን 20,000 ብር ለ12 ወር ቢያካፍሉት በወር 1,670 ብር ገደማ ማስቀመጥ ማለት ነው። ክረምት ላይም ማስቀመጡን ያላቋረጠ ወላጅ መስከረም ላይ አይጨነቅም።

ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ከመስጠት በ15 ቀን እየከፈሉ በባንክ ወይም በቴሌብር መላክ ይመረጣል። ልጁ የግቢውን ምግብ ትቶ «ኖን ካፌ» ልሁን ካለ፣ በምትኩ የሚሰጠው ገንዘብ በከተማው ምግብ ቤቶች ለስንት ቀን እንደሚበቃ አብሮ ማስላት ያስፈልጋል፤ የጎደለውን የሚሞላው ቤተሰቡ ነውና። በመጨረሻው ዓመት ደግሞ የምረቃ ልብስ፣ ፎቶግራፍና ድግስ ስለሚመጡ ከ1ኛ ዓመት ጀምሮ ጥቂት ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል።

ከምረቃ በኋላ

በ1996 ዓ.ም. ተግባራዊ መሆን የጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የትምህርት ወጪውን 15 በመቶ፣ የምግብና የመኝታውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ እንዲመልስ ያደርጋል። ዕዳው የሚከፈለው ሥራ ከተያዘ በኋላ ከወር ገቢ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ የአዲሱን ምሩቅ ደመወዝ ሙሉ ቆጥሮ፣ በእሱ ተማምኖ መበደር የለበትም።

ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ ቤተሰብ ያለው ተማሪ የግቢውን ምግብና መኝታ ካልወሰደ ዕዳው በዚያው ልክ ያንሳል። ይህም የሚወሰነው በየዓመቱ በሚፈረመው የውል ቅጽ ላይ ስለሆነ፣ ልጁ የተሞላውን ሳያነብ እንዳይፈርምና ቅጂውንም በየዓመቱ እንዲያስቀምጥ መንገር የወላጅ ፋንታ ነው።