ብልቃጥና ክንድ፦ የዘይት ሽቶን በገላ ላይ መሞከር

የዘይት ሽቶ መዓዛው በአልኮል ሳይሆን በቅባት የተያዘ ሽቶ ነው። በወሎ ውስጥ፣ በወልዲያ፣ በመርሳና በሀብሩ ቀበሌዎች ዒጥር ወይም የዐረብ ሽቶ ይባላል። አልኮል ስለሌለበት ለጁምዓ የሚወጣ ሰው ያለ ሥጋት ይቀባዋል፤ ለሠርግ፣ ለዒድና ለጥምቀት ደግሞ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠቀምበታል። ወደ አካባቢው ከሚገባው ብዙው ከሐጅና ከዑምራ በሚመለሱ ሰዎች ሻንጣ ወይም ሳውዲና ዱባይ ሠርተው በሚመጡ ልጆች ስጦታ የሚመጣ ነው፤ ቀሪውን ነጋዴው ከመርካቶና ከደሴ ይጭነዋል።

ጠርሙሱ ትንሽ ነው። ጫፉ ላይ የሚሽከረከር ኳስ ያለው፣ 3 ወይም 6 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብልቃጥ በብዛት ይታያል። የድሮው የዒጥር መለኪያ ቶላ ሲሆን፣ አንዱ ቶላ 11.66 ግራም ነው፤ የ3 ሚሊ ሊትሩ ብልቃጥም የሩብ ቶላ ያህል ይይዛል። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ አነስተኛ ሽቶ ቀማሚዎች ደንበኛው ሙሉውን ከመግዛቱ በፊት እንዲሞክር 1 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ የመሞከሪያ ብልቃጥ ለብቻው ይሸጣሉ። በወሎ ገበያ ይህን የሚተካው የሻጩ ዘንግ ነው፤ ከትልቁ ጠርሙስ ነክሮ በገዢው እጅ ጀርባ ላይ መስመር ያሰምርበታል።

መዓዛን በቅባት መያዝ ለአካባቢው ባዕድ ጥበብ አይደለም። የአደስ ቅጠል ደርቆና ተወቅጦ ከለጋ ቅቤ ጋር ሲዋሐድ የሚሠራው ሥራ ከዒጥሩ ጋር አንድ ነው፤ በቀላሉ የሚተነው የቅጠሉ ዘይት በከባዱ ቅባት ውስጥ ይታሰርና ቀስ እያለ ይለቀቃል። ዝባድም በዚሁ መደብ ይገባል። ዝባድ ከጥርኝ እጢ የሚጠረግ ቅባት ሲሆን፣ በተለይ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በቀንድ ታሽጎ ለዘመናት ለውጭ ገበያ ሲላክ ኖሯል። የመዓዛው ዋና ንጥረ ነገር ሲቬቶን ይባላል፤ አወቃቀሩን በ1926 እ.ኤ.አ. የገለጠው ሊዮፖልድ ሩዢችካ በ1939 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው አንዱ ነው። ዝባድ ሳይበረዝ ሲሸተት ያስመልሳል፤ በቅባት ሲበረዝና በሞቀ ገላ ላይ ሲያርፍ ግን ሌላውን መዓዛ ሁሉ ያለሰልሳል፣ ያስቆያልም። ሽቶን በጠርሙሱ አፍ ላይ መመዘን እንደማያዋጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በሰሜን ሕንድ በካናውጅ ከተማ የሚሠራው ጥንታዊው ዒጥር አበባው በመዳብ ጋን በውሃ ተቀቅሎ፣ እንፋሎቱ በሰንደል ዘይት ላይ እየቀዘቀዘ የሚጠራቀም ነው። ዛሬ ርካሹ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ግን በአብዛኛው በፋብሪካ የተቀመመ መዓዛ ነው፤ የሚይዘውም እንደ ዲፕሮፒሊን ግላይኮል ወይም ኢሶፕሮፒል ሚሪስቴት ያለ ሽታ አልባ ፈሳሽ ነው። ይህ ነውር አይደለም። መልካም የፋብሪካ ምስክ ከተጭበረበረ ኡድ ይሻላል። ኡድ የሚወጣው በሻጋታ ከታመመ የአኳላሪያ ዛፍ ግንድ ነው፤ የዛፉም ዓለም አቀፍ ንግድ በስምምነት ቁጥጥር ሥር በመሆኑ እውነተኛው ዘይት እጅግ ውድ ነው። በጥቂት ብር የሚሸጥ ብልቃጥ ላይ ኡድ ተብሎ ቢጻፍ፣ ውስጡ ያለው ኡድን የሚመስል ቅንብር መሆኑን ገዢው አውቆ ይግዛ።

አልኮል ያለበት ሽቶ ሲረጭ አልኮሉ በፍጥነት ተንኖ መዓዛውን ወደ አየር ያነሣዋል። ዘይት ግን ከቆዳ ላይ አይነሣም። መዓዛው የሚወጣው በዋናነት በገላ ሙቀት ስለሆነ በዝግታ ይከፈታል፤ የሚሸተውም ለራሱ ለባለቤቱና ለሚጠጋው ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሎሚ፣ የብርቱካንና የቤርጋሞት ዓይነቶቹ ቀላል ሽታዎች ይቀድማሉ። ቀጥሎ ጽጌረዳው፣ ጃስሚኑና ቅመማ ቅመሙ ይመጣል። ከሰዓታት በኋላ የሚቀረው ሰንደል፣ ምስክ፣ ቫኒላና ሙጫ ነው። ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ የሚኖረው ከዚህ ከመጨረሻው ጋር ሆኖ ሳለ፣ አብዛኛው ገዢ ገንዘቡን የሚከፍለው በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ አሽትቶ ነው። የሚሸሽ ሎሚ ገዝቶ የሚከርም ቫኒላ ይዞ የሚገባው በዚህ ችኮላ ነው።

አሞካከሩ ቀላል ነው። ክንድ ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥቦ ይደርቃል። ቅቤ፣ ቫዝሊን ወይም ሎሽን የተቀባ ገላ ለሙከራ አይሆንም፤ ጠጉሯን በዚያው ጠዋት በአደስ ቅቤ የተቀባች ሴትም ሙከራውን ለሌላ ቀን ብታቆየው ይበጃታል። የጠብታ ግማሽ ያህል በክንዱ የውስጥ ክፍል ላይ ይደረጋል፤ የእጅ አንጓ በሥራ ቶሎ ስለሚታጠብና ከልብስ እጅጌ ጋር ስለሚታሽ ከአንጓው ከፍ ያለው ቦታ ይመረጣል። በአንድ ክንድ ከሁለት በላይ ሽቶ አይቀመጥም፤ በመካከላቸውም የእጅ መዳፍ ያህል ርቀት ይተዋል። ሁለቱን አንጓ ማፋተግ ብዙ ሰው የለመደው ነገር ነው። ማፋተጉ አንዳንዶች እንደሚሉት የሽቶውን ሞለኪውል አይሰብርም፤ ግን ያሞቀዋል፣ ቀላሎቹን መዓዛዎች ቶሎ ያባርራል፣ ዘይቱንም በሰፊው ስለሚያሰራጨው የሚሰማው መዓዛ ይዛባል። ዘይቱን በራሱ ጊዜ እንዲሰርግ መተው ነው። ከዚያ በአምስት ደቂቃ፣ በግማሽ ሰዓት፣ በሁለት ሰዓትና ማታ ይሸተታል። የተሰማውን በስልክ ማስታወሻ ላይ መጻፍ ይጠቅማል፤ የሽታ ትዝታ እንደ ድምፅና እንደ መልክ በቃል የሚያዝ አይደለምና።

ከሁሉ ይልቅ ሙከራን የሚያበላሸው ግን የቡናው ነገር ነው። ሻጮች ገዢው ሦስት አራት ብልቃጥ ካሸተተ በኋላ የቡና ፍሬ ያቀርቡለታል፤ አፍንጫን ያጠራል ይባላል። ልማዱ በዓለም ዙሪያ ባሉ የሽቶ መደብሮች የተስፋፋ ሲሆን፣ ቡና በሚጠጣበት አገር ደግሞ ማንም አይጠራጠረውም። ነገር ግን በአሜሪካ የቤሎይት ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ይህን ፈትነውታል። ተሳታፊዎቹ የተለያዩ ሽቶዎችን ካሸተቱ በኋላ አንዱ ክፍል ቡና፣ ሌላው ሎሚ፣ ቀሪው ንጹሕ አየር እንዲያሸት ተደረገ፤ ከዚያም ቀድሞ ያላሸተቱትን ሽቶ ከሌሎቹ እንዲለዩ ተጠየቁ። ቡናው ከንጹሕ አየር የተሻለ ውጤት አላመጣም።

ምክንያቱ አፍንጫ የሚደክምበት መንገድ ነው። በአፍንጫ ውስጥ ያሉት የሽታ ተቀባዮች አንድ መዓዛ ሲደጋገምባቸው ምላሻቸውን ይቀንሳሉ፤ አንጎልም ሳይለወጥ የሚቀጥለውን ሽታ እንደ ቋሚ ነገር ቆጥሮ ወደ ጎን ይተወዋል። ዕጣን በየማለዳው የሚጨስበት ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ሽታውን አይሰማም፤ እንግዳ ግን ከበሩ ሳይገባ ይሰማዋል። ቡና ይህን አያድስም፤ ተቆልቶ ሲፈጭ ከ800 በላይ ተናኝ ንጥረ ነገሮች እንደተለዩበት ይታወቃልና ለደከመው አፍንጫ ሌላ ሥራ መጨመር ነው። ሽቶ ቀማሚዎች ከዚህ ይልቅ የራሳቸውን ክርን ወይም እጅጌ ያሸታሉ፤ የሚያውቁት ሽታ ስለሆነ አዲስ ነገር አይጨምርባቸውም። ከሁሉ የሚሻለው ከሱቅ ወጥቶ በንጹሕ አየር ጥቂት ደቂቃ መቆም ነው። በአንድ ጊዜ ከአራት ሽቶ በላይ መሞከርም አያስፈልግም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለወሎ ሰው ከባድ ነው፦ ሽቶ በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ አይሞከርም። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ለዘይት ሽቶ አከፋፈት የሚመች ርዝመት አለው፤ ሰውም ተሰብስቦ አስተያየት ይሰጣል። ዳሩ ግን ቡናው እየተቆላ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ጤና አዳሙ በሲኒው እየተነከረ አፍንጫ ምንን ከምን ይለያል? ከዚያ ቤት «ይህ ሽቶ ጥሩ ነው» ተብሎ የተገዛ ብልቃጥ በማግስቱ ቤት ሲከፈት ሌላ ሆኖ ይገኛል። የዒድ ቡኹር (የሚጨስ ሽቶ) በጨሰበት ቤት ውስጥም እንደዚሁ ነው።

ምስክ የራሱ ችግር አለው። ነጭ ምስክ የሚባለው ሽቶ እንደ ጋላክሶላይድ ባሉ ትልልቅ ሞለኪውሎች የተሠራ ነው። አፍንጫ የማሽተት አቅሙ የሚያበቃው በዚህ መጠን አካባቢ ስለሆነ፣ ጤናማ አፍንጫ ያላቸው አንዳንድ ሰዎች ይህ ወይም ያ ምስክ ፈጽሞ አይሸታቸውም። ጉድለቱ በተቀባዮቹ ላይ የሚመሠረት የተፈጥሮ ልዩነት እንጂ በሽታ አይደለም። «ምንም አይሸትም» ብሎ ደጋግሞ የሚቀባ ሰው ከአጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ራስ ያሳምማል። በራሱ አፍንጫ አልሰማ ያለ ምስክ ሲያጋጥም፣ በቤት ያለ ሌላ ሰው ክንዱን እንዲያሸትለት መጠየቅ ነው፤ ጠብታ መጨመር ግን አይደለም።

ሌላው የተሳሳተ እምነት ሽቶ የሚለዋወጠው በሰውየው ደም ወይም በገላው ኮምጣጣነት ነው የሚለው ነው። የጤናማ ሰው ቆዳ ኮምጣጣነት ባብዛኛው በ4.5 እና በ6 መካከል ነው፤ ይህ ልዩነት በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሽቶን ሞለኪውል የሚቀይር ጉልበት የለውም። አንዱን ሽቶ ሁለት እህትማማች ቀብተው ሁለት የተለያየ ነገር የሚሸቱት በዋነኝነት በሌላ ምክንያት ነው፦ የቆዳው ድርቀት ወይም ወዝ፣ ሙቀቱ፣ በላዩ የቀረው ቅቤና ሳሙና፣ የተቀባው መጠን። ደረቅ ቆዳ ዘይቱን ቶሎ ስለሚመጥጠው ሽቶው «አይይዝልኝም» ይባላል። ከሙከራ በኋላ፣ ሽቶው ከተመረጠ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ሥሩ ቢቀባ እንዲቆይ ይረዳል።

ስፍራውም ይለያል። መርሳ ከወልዲያ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር በየመቶው ሜትር ሙቀቱ በግማሽ ዲግሪ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል። በሙቀት ውስጥ መዓዛው ቶሎ ይተናል፤ ስለዚህ በመርሳ ከሰዓት ላይ ደማቅና ከባድ የሆነ ኡድ በወልዲያ የኅዳር ማለዳ ዝምተኛ ሊመስል ይችላል። ሽቶ የሚሞከረው በሚቀባበት ቦታና ሰዓት ነው። ለሠርግ ሌሊት የሚፈለግን ሽቶ በእኩለ ቀን ፀሐይ መሞከር ዋጋ የለውም።

ፀሐይን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቤርጋሞትና በሎሚ ልጣጭ ዘይት ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች በቆዳ ላይ ሆነው የፀሐይ ብርሃን ሲነካቸው ሊያቃጥሉ፣ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክትም ሊተዉ ይችላሉ። በፍራፍሬ አገር እንደ ሀብሩ ባለ ስፍራ ሎሚ ጨምቆ ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው እጅም ይህንኑ ምልክት ሊያሳይ ይችላል። እንዲህ ያለ ሽቶ በልብስ በሚሸፈን ቦታ ይቀባል።

አለርጂ ከዚህ ይለያል። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሌሎች ንጥረ ነገሮች የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ያስቆጣሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት በመለያው ላይ እንዲጻፉ ያዘዛቸው የሽቶ አለርጂ ንጥረ ነገሮች በ2023 እ.ኤ.አ. ከ26 ተነሥተው ከ80 በላይ ሆነዋል። ስለዚህ ከአዲስ ብልቃጥ አንድ ጠብታ በክርን ውስጠኛ ክፍል ላይ ተደርጎ 24 ሰዓት፣ ቢቻል 48 ሰዓት ይታያል። መቅላት፣ ማሳከክ ወይም ሽፍታ ከታየ ታጥቦ ይጣላል፤ ካልበረደ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ለሕፃን፣ ለተቆረጠ ወይም ለሚያሳክክ ቆዳ፣ ለዓይን አካባቢ የዘይት ሽቶ አይቀባም። በነጭ ነጠላ ላይም አይፈሰስ፤ ቅባቱ በቀላሉ አይለቅም።

1 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ከ20 ጠብታ በላይ አለው፤ ግማሽ ጠብታ ለአንድ ሙከራ ስለሚበቃ ሙሉ ጠርሙስ ከመግዛት በፊት ከአንድ ቀን በላይ መሞከር ይቻላል፦ አንዱን በሥራ ቀን፣ አንዱን በበዓል፣ አንዱን ልብስ ሳይደረብ። ብልቃጡ ከመስኮትና ከምድጃ ርቆ፣ በደንብ ተከድኖ፣ ቆሞ በጨለማ ይቀመጣል። ሙቀትና ብርሃን በተለይ የሎሚ ዘይቶችን ያበላሻቸዋል፤ ቀለሙ የጠቆረ ወይም የቆየ ዘይት ሽታ የሰጠ ብልቃጥ ቢኖር፣ ቅሪቱ ምንም ያህል ቢሆን በገላ ላይ አይቀባም።